ለፒክአፕ ካሶኒ መሸፈኛና ፖርቶ መጋላ አመራረጥ፦ ለወሎ መንገድ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ላይ ፒክአፕ የገዛ ሰው ሁለት ጥያቄ አያመልጠውም። አንዱን ጎረቤት ይጠይቀዋል፦ «ስንት ገባ?» ሌላውን ራሱን ይጠይቃል፦ «ካሶኒውን ምን ላልብሰው? ፖርቶ መጋላስ ላስገጥምበት?»

ካሶኒ ማለት የኋላው የጭነት ሣጥን ነው፤ ፖርቶ መጋላ ደግሞ ከላይ ዕቃ የሚጫንበት ፍሬም። ለሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው መልሱን ፍለጋ ሱቅ ይሄዳል። ያማረውን ያነሳል፣ ይከፍላል፣ ያስገጥማል። እኔ ግን ነገሩ ከጭነቱና ከመንገዱ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። የወሎ መንገድ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ጠዋት ደሴ ላይ በጉም ተነስታችሁ፣ ሐረጎን ወርዳችሁ፣ ኮምቦልቻን አልፋችሁ ባቲ ስትገቡ ጃኬት ወልቋል። በሌላ በኩል ጉጉፍቱን ይዛችሁ ወደ አቀስታ ከወጣችሁ ጋቢ ያስፈልጋል። ክረምት ሲሆን ዝናቡ አለ፣ በልግም የራሱን ይጥላል። በጋውን ደግሞ አቧራ ነው። ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ዓመታት የሚያገለግል መሸፈኛ እዚህ አንድ ክረምት ላይወጣ ይችላል።

መጀመሪያ፦ የምትጭኑትን ጻፉ

ቀልድ አይደለም፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ባለፉት ጥቂት ወራት ካሶኒው ላይ የወጣውን ሁሉ ዘርዝሩ። አንድ ቀን ልትጭኑ የምታስቡትን ተዉት፤ የጫናችሁትን ብቻ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቁመቱ ስንት ነው፣ ክብደቱ ስንት ነው፣ የሚጠላው ምንድን ነው። ውሃ ይጠላል? አቧራ ይጠላል? ሌባ ይወደዋል?

ከዚህ ዝርዝር መልሱ ራሱ እየወጣ ይመጣል። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ ጨርቃጨርቅ ይጭናል እንበል። ሸቀጡ ቀላል ነው፣ አቧራ ግን ያበላሸዋል፣ ሌባም ይወደዋል። ለእሱ ጠንካራ፣ የሚቆለፍ፣ ጠርዙ በጎማ የታሸገ መሸፈኛ ነው። ከመርሳ ፍራፍሬ የሚያመጣ ሰው ተቃራኒው ነው። ብርቱካንና ማንጎ አየር ይፈልጋል፤ ድፍን ክዳን ሥር በኮምቦልቻ ሙቀት ከዋለ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል። ሸራ ይበቃዋል። የቧንቧ ሥራ የሚሠራ ሰው 6 ሜትር ቱቦ አለው፣ የመፍቻ ሣጥንም አለው። እሱ ሁለቱንም ይፈልጋል፦ ከላይ ፖርቶ መጋላ፣ ከታች ቁልፍ።

በግና ፍየል ግን ለብቻው ይታይ። ለዓረፋም ለፋሲካም ፒክአፕ ሁሉ በግ ጫኝ ይሆናል። የተዘጋ መሸፈኛ ሥር እንስሳ አይጫንም፣ ይታፈናል። ይህን ሥራ በየጊዜው የምትሠሩ ከሆነ በቶሎ የሚነሳ መሸፈኛ ምረጡ። ለአሥር ደቂቃ እንኳ ቢሆን ሰው ከኋላ አስገብታችሁ አትዝጉ። የጭስ ማውጫው እዚያው ሥር ነው፣ ጭሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። የቤንዚን ጀሪካንና የጋዝ ሲሊንደርም ከተዘጋ ክዳን ሥር አይገቡም።

ሁለተኛ፦ ክብደቱን ደምሩ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው። መሸፈኛውም ፖርቶ መጋላውም ጭነት ናቸው። ባዶ ስትሄዱም አብረዋችሁ ይሄዳሉ።

ሊብሬውን አውጡና መኪናው የተፈቀደለትን የጭነት መጠን እዩ። ለምሳሌ 900 ኪሎ ነው እንበል። መኪናው ደብል ጋቢና ነው፣ ሹፌሩን ጨምሮ አምስት ሰው ተሳፍሯል። በአማካይ 70 ኪሎ ብንይዝ 350 ኪሎ ሄደ። የፋይበር ካኖፒ (ካሶኒውን እንደ ቤት የሚሸፍን ባለ መስታወት ክዳን) 80 ኪሎ፣ ፖርቶ መጋላው 30 ኪሎ ይሁን። የቀረው 440 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነውና አራት ኩንታል ጤፍ ስትጭኑ አበቃ። «ሃይሉክስ እኮ ነው፣ አሥር ኩንታል ይጭናል» የሚል ወዳጅ ካላችሁ ይህን ስሌት አሳዩት።

ለግምት ያህል፦ ለስላሳ ተጠቅላይ መሸፈኛ ከ15 እስከ 20 ኪሎ አካባቢ ነው። ተጣጣፊ የአልሙኒየም ክዳን ከ25 እስከ 40 ይደርሳል። ባለ አንድ ወጥ የፋይበር ክዳን ከዚያ ትንሽ ይብሳል። የፋይበር ካኖፒ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ይሄዳል። በላሜራ ያሠራችሁት ካኖፒ ግን እንደ በያጁ እጅ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ከመግጠማችሁ በፊት የእህል ሚዛን ላይ አውጡት። ሰኞ ገበያ ሚዛን አይጠፋም።

ሦስተኛ፦ ለኩ

«ለሃይሉክስ የሚሆን» የሚለውን የሻጭ ቃል ብቻ ይዛችሁ አትግዙ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2005ቱ ትውልድና የ2015ቱ ትውልድ ካሶኒ አንድ አይደለም። ሲንግል ጋቢናና ደብል ጋቢና ደግሞ ጭራሽ አይገናኙም። የደብል ጋቢና ካሶኒ ርዝመት ወደ 1.5 ሜትር ነው፤ የሲንግሉ ከ2 ሜትር ያልፋል። ዲ-ማክስ፣ ኤል 200፣ ሬንጀር ሁሉም የየራሳቸው ልክ አላቸው።

በሜትር የምትለኩት እነዚህን ነው። ርዝመቱን ከጋቢናው በኩል ካለው ግድግዳ እስከ ኋላው ስፖንዳ (የካሶኒው ተከፋች የኋላ ግድግዳ)፣ ከውስጥ ለውስጥ። ይህን በመሃልና በሁለቱም ጎን ለኩ። ስፋቱን ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ። ከዚያ ሰያፉን ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች ካልተካከሉ ካሶኒው አንድ ቀን ተገጭቶ ተጣሟል ማለት ነው። ያገለገለ መኪና ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። የተጣመመ ካሶኒ ላይ ጠንካራ ክዳን አይገጥምም፣ ሸራ ግን ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር ደግሞ እዩ፦ የፕላስቲክ ምንጣፍ አለው ወይ? ካሶኒው ውስጥ የሚነጠፈው ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከስፖንዳው ጠርዝ በታች ያልቃል። ሌላው ጠርዙን አልብሶ ወደ ውጭ ይታጠፋል። የሁለተኛው ዓይነት ካለ የመሸፈኛው ክላምፕ (ጠርዙን ጨብጦ የሚይዘው ማሰሪያ) ብረቱን አይጨብጥም፣ ፕላስቲኩን ነው የሚጨብጠው፤ እየተንሸራተተ ይላላል። ክላምፑ በሚያርፍበት ቦታ ፕላስቲኩ መቆረጥ አለበት። ከጋቢናው ኋላ የጌጥ ብረት የቆመበት መኪናም እንዲሁ ነው። ብዙ መሸፈኛ ከዚያ ብረት ጋር ይጋጫል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

የግቢያችሁን በር ከፍታም ለኩ እንጂ። ፖርቶ መጋላ ገጥሞ በሩ ላይ የቆመ ሰው አይቻለሁ።

አራተኛ፦ መሸፈኛውን ምረጡ

*ሸራ።* ለብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቢቀደድ ደሴም ወልድያም ሰፊ አለው። ረጅም ዕቃ ሲመጣ ጠቅልላችሁ ወንበር ሥር ታስገቡታላችሁ። ችግሩ ሁለት ነው፦ ምላጭ የያዘ ሌባ አያቆመውም፣ አቧራም ሙሉ በሙሉ አይከላከልም።

ስታሠሩ ተራውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ሸራ ተዉት። ፀሐይ በጥቂት ወር ውስጥ ያነክተዋል። የጭነት መኪና ሸራ የሚሆነው በሁለት ፊቱ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ውስጡ ክር ያለው ነው። ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ600 ግራም ያላነሰ ይሁን። ሻጩ ግራሙን ካላወቀ ጠርዙን አጥፋችሁ በጥፍር ጫሩት፤ ፕላስቲኩ ከክሩ ከተላጠ ተዉት። ጠርዙ ሁለቴ ታጥፎ ይሰፋ። የገመድ ቀለበቶቹ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ከዚያ ከሰፋ ነፋስ በመሃል ገብቶ ሸራውን እንደ ጃንጥላ ይገለብጠዋል።

ከሸራው ሥር ደግሞ ቀስት የሆነ ብረት ወይም መሃሉ ላይ ከፍ ያለ ድጋፍ ያስፈልጋል። ሸራ ሜዳ ሆኖ ከተወጠረ ውሃ ያቁራል። የደብል ጋቢና ካሶኒ ወደ 2.25 ካሬ ሜትር ነው። እዚያ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ቢተኛ 45 ኪሎ ነው። ሌሊቱን የሐምሌ ዝናብ ከጣለ ጠዋት ሸራው ሆዱን ዘርግቶ ታገኙታላችሁ። መሃሉ ከጠርዙ 10 ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ውሃው ወርዶ ይሄዳል።

*ተጣጣፊ የአልሙኒየም ክዳን።* ሦስት ወይም አራት ቦታ ይታጠፋል። ይቆለፋል፣ ከሸራ ይልቅ አቧራ ይይዛል፣ መብሳትም አይፈልግም፤ በክላምፕ ነው የሚገጠመው። መታጠፊያው ላይ ያለው ጎማ ግን ደካማ ጎኑ ነው። ፀሐይ ሲሰነጥቀው ውሃ የሚያስገባው እሱ ነው። ሻጩን «መታጠፊያው ጎማ ለብቻው ይገኛል ወይ?» በሉት። መልሱ «አይ» ከሆነ ዋጋውን እንደዚያው አስቡት።

*ወደ ውስጥ የሚጠቀለል የአልሙኒየም።* ከሁሉ የሚያምረው ይሄ ነው። ለኛ መንገድ ግን አልመክረውም። የሚጠቀለልበት ሣጥን ከጋቢናው በኩል ካለው ቦታ ወደ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ይበላል፤ 1.5 ሜትር ካሶኒ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐዲዱ ውስጥ ደቃቅ አቧራ ሲገባ መጀመሪያ ይንቋቋል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይ መሃል ላይ ይቆማል። ውሃውን የሚያስወርዱት ማዕዘን ላይ ያሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው፤ በበጋ በአቧራ ተደፍነው ክረምት ሲገባ ውሃው ወደ ዕቃው ይገለበጣል። ደሴና ኮምቦልቻ በአስፋልት ብቻ የሚመላለስ ሰው ይግዛው። በጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው ይቅርበት።

*ባለ አንድ ወጥ ክዳን።* ከፋይበር ይሠራል፣ በሾክ ይነሳል። ቁልፉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከስፖንዳ ከፍ ያለ ዕቃ ከመጣ ክዳኑ አይዘጋም፣ ለማውለቅም ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሾኩ ሲደክም ክዳኑ ጭንቅላት ላይ ይወርዳል።

*ካኖፒ።* ቤተሰቡን ጋቢና ውስጥ፣ ዕቃውን ካሶኒ ላይ አድርጎ ለሚጓዝ፣ ለመስክ ሥራ፣ ዕቃውን መኪና ላይ ለሚያሳድር ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ብርቱው ጉዳይ አቧራ ነው። መኪና ሲሄድ ከኋላው የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ጎማ ያስነሳውን አቧራ ወደ ራሱ ይስባል። የኋላ መስታወቱ ቢዘጋም አቧራው በኋላው ስፖንዳ ዙሪያ ባለው ክፍተት ይገባል። በስፖንዳው ጎኖችና ከሥሩ ማጠፊያው ባለበት በኩል ጣታችሁን ስደዱ፤ ጣት ከገባ አቧራም ይገባል። መፍትሔው ዙሪያውን የጠርዝ ጎማ መለጠፍ ነው። ካኖፒው ከፊት በኩል የሚከፈት የአየር ማስገቢያ ካለው ደግሞ በጠጠር መንገድ ላይ ክፈቱት። አየር ከፊት ሲገባ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፣ አቧራውን መልሶ ያስወጣል። መዝጋት እንጂ መክፈት አቧራ ይከላከላል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ግን ይሠራል።

ሁሉም ላይ አንድ ነገር አትርሱ፦ የኋላው ስፖንዳ ቁልፍ ከሌለው የላይኛው ቁልፍ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ስፖንዳውን አስቆልፉ።

አምስተኛ፦ ፖርቶ መጋላውን ምረጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም መሸፈኛ ቢበላሽ ዕቃ ይረጥባል፣ ፖርቶ መጋላ ቢበላሽ ሰው ይጎዳል።

መጀመሪያ ሸክሙ የት ነው የሚያርፈው ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ቦታ አለ፦ የጋቢናው ጣሪያ፣ የካኖፒው ጣሪያ፣ የካሶኒው ስፖንዳ። የጋቢና ጣሪያ ላይ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ባለው ውስጥ ነው፣ ያውም የፖርቶ መጋላውን ክብደት ጨምሮ። የመኪናችሁን መጽሐፍ እዩ። የፋይበር ካኖፒም በዚያው አካባቢ ነው፤ ውስጡ የብረት ድጋፍ ካልገባለት ከዚያም ያንሳል። ከባድ ጭነት የሚችለው የካሶኒው ስፖንዳና ወለል ነው፣ ምክንያቱም ክብደቱ ወደ ሻንሲው (መኪናውን ከሥር ወደሚሸከመው የብረት አጽም) ይወርዳል።

የዕቃው ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ካያችሁ ትንሹን ያዙ። ትልቁ መኪናው ቆሞ የሚችለው ነው። ትንሹ እየሄደ ነው። ሻጭ የሚነግራችሁ ትልቁን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጋቢናውና ካሶኒው በሻንሲው ላይ ለየብቻ የተቀመጡ ናቸው። በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ክፍተቱ በምክንያት የተተወ ነው። የምትጠራጠሩ ከሆነ ጓደኛችሁ መኪናውን አንድ ቦይ በሰያፍ ቀስ ብሎ ያሻግር፣ እናንተ ከጎን ቆማችሁ ያን ክፍተት እዩ። አንዱ ጎማ ሲወርድ ሻንሲው ይጠማዘዛል። ጋቢናው ወደ አንድ በኩል፣ ካሶኒው ወደ ሌላ ያዘነብላል። ክፍተቱ ከላይ ይሰፋል፣ ይጠባል።

እንግዲህ በያጅ ዘንድ ሄዳችሁ ከጋቢናው ግንባር እስከ ኋላ ስፖንዳ አንድ ወጥ የሆነ ፖርቶ መጋላ አሠርታችሁ በሁለቱም ላይ በብሎን ካሰራችሁት ምን ይሆናል? መኪናው መጠማዘዝ ይፈልጋል፣ ብረቱ አልጠማዘዝም ይላል። በጠጠር መንገድ ይህ በየደቂቃው ይደጋገማል። ወይ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ወይ የጋቢናው ጣሪያ ይቀደዳል። ስለዚህ ፖርቶ መጋላው ሁለት ይሁን። አንዱ ካሶኒው ላይ ብቻ ይታሰር፣ ሌላው ጋቢናው ላይ ብቻ። በመሃል አይገናኙ።

6 ሜትር ቱቦ በሁለቱም ላይ ሲተኛም ይኸው ሕግ ይሠራል። የኋላው ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። የፊቱ ላይ ቱቦው ወደ ጎን እንዳይሸሽ ብቻ ያዙት፤ ጎማ ሥሩ አድርጉለት፣ ትንሽ ይንሸራተት። ሃይሉክስ ራሱ ከ5 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነውና ከፊትም ከኋላም መውጣቱ አይቀርም፤ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር። 12 ሜትር ፌሮ ግን በፒክአፕ አይጫንም። አጥፎ መጫንም ልማድ ሆነ እንጂ አያዋጣም። ለእሱ አይሱዙ ተከራዩ።

ከተገዛና ከተሠራ የቱ ይሻላል? የተገዛው የአልሙኒየም ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ዋጋው ግን ይከብዳል፤ መለዋወጫውን ለመፈለግ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ መውረድ ሊኖርባችሁ ይችላል። የተሠራው የብረት ከባድ ነው፣ ግን ቢሰበር ኩታበርም ሐይቅም የሚበይድ ይገኛል። እኔ ለሥራ መኪና የተሠራውን እመርጣለሁ፣ በያጁ ልኩን የሚያውቅ ከሆነ።

ስድስተኛ፦ በያጁ ዘንድ

«አብሽር፣ ተራራ ይሸከማል» የሚላችሁን በያጅ በጥሞና ስሙት፣ ከዚያ እነዚህን ጠይቁት።

ቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነው አራት ማዕዘን ብረት) ስንት ነው? ለምሰሶዎቹ 40 በ40 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ገበያ ላይ 1.2 የሆነም አለ፤ ሲታይ አንድ ነው፣ ሲጫን ግን ይጎብጣል። ጫፉ ላይ በካሊፐር ለኩት።

ሰያፍ ድጋፍ አለው? ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። አራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከቆመ ከላይ የሚመጣ ክብደት ይችላል፤ ወደፊት የሚገፋ ግን አይችልም። ሐረጎ ላይ በግ ዘሎ ቢገባና ፍሬን ቢያዝ 200 ኪሎ ጭነት ከ100 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ወደፊት ይገፋል። ምሰሶዎቹ ሰያፍ ከሌላቸው ጋቢናው ላይ ይተኛሉ።

እግሩ ምን ላይ ያርፋል? የስፖንዳው ላሜራ ቀጭን ነው። ከእግሩ ሥር 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ሳህን ይሁን፣ ከላሜራው በታችም ሌላ ሳህን ገብቶ በመሃል ይጨበጥ። በተራ ሮንዴላ ብቻ ከታሰረ ብሎኑ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል። ዳዶው የማይላላው ዓይነት ይሁን።

መብሳት ካለ መኪናው ሥር ገብታችሁ እዩ። የነዳጅ ታንከር፣ የፍሬን ቱቦ፣ የመብራት ገመድ በዚያው ያልፋል። የተበሳው ጠርዝ ወዲያውኑ አንቲረስት ይቀባ፣ ብሎኑ በሲልኮን ይታሸግ። ካልሆነ በሚቀጥለው ክረምት ዝገቱ ከቀዳዳው ይጀምራል። ሻንሲው ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይበየድ። ፍሬሙን አውርዶ ይበይድ እንጂ መኪናው ላይ እያለ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ግድ ከሆነ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል።

የአልሙኒየም ዕቃ ብረት ላይ ስትገጥሙ በመሃል ጎማ ወይም ፕላስቲክ ይግባ። ሁለቱ በቀጥታ ተነካክተው ውሃ ሲያገኛቸው አልሙኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል።

መሸፈኛና ፖርቶ መጋላ አንድ ላይ የምታስገጥሙ ከሆነ መጀመሪያ ፖርቶ መጋላውን ንደፉ። ሁለቱም የስፖንዳውን ጠርዝ ይፈልጋሉ። የምሰሶዎቹ እግር የክላምፑን ቦታ ከያዘ መሸፈኛው አይገባም። ሸራ ከሆነ ቀላል ነው፣ በምሰሶው ልክ ይቆረጣል። ተጣጣፊ ክዳን ከሆነ ግን ምሰሶዎቹ ከስፖንዳው ውጭ ወይም ውስጥ ግድግዳው ላይ መታሰር አለባቸው። ክዳኑ ሲታጠፍ የሚያልፍበት ከፍታም ይቀመጥለት።

የመኪናውን ቅርጽና ከፍታ የሚቀይር ሥራ ከሆነ ከማሠራታችሁ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ለቦሎ ስትሄዱ «አውልቀህ ና» ከመባል ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ ሳትከፍሉ ፈትኑ

ለመሸፈኛው ሦስት፣ ለፖርቶ መጋላው አንድ ፈተና አለ፣ ሁሉም ነጻ ነው።

የብርሃን፦ ካኖፒ ከሆነ ቀን ላይ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ለአፍታ ይዘጋበት፣ ሞተሩ ግን ይጥፋ። ብርሃን የሚያይበትን ሁሉ በጠመኔ ያመልክት። ዝቅ ያለ ክዳን ከሆነ ሲመሽ የበራ ባትሪ ውስጥ አስቀምጣችሁ ከውጭ እዩ።

የውሃ፦ በጎማ ቱቦ አሥር ደቂቃ አርከፍክፉበት። በባልዲ አንዴ መድፋት አይበቃም። ከላይ ብቻ ሳይሆን ከፊትም፣ መኪና ሲሄድ ዝናቡ ከዚያ ነው የሚመጣውና። ውስጥ ጋዜጣ አንጥፉ፤ የረጠበው ቦታ ይነግራችኋል።

የአቧራ፦ ውስጡ ነጭ ጨርቅ ዘርግታችሁ ኮረኮንች መንገድ ላይ ደርሳችሁ ተመለሱ። ሌላ መኪና ከፊት ሆኖ አቧራ ቢያስነሳላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ጨርቁ የቡና ዱቄት ቀለም ይዞ ከመጣ ጎማው አልገጠመም።

ፖርቶ መጋላውን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። መኪናው አብሮ ከተወዛወዘ ጥሩ። ብረቱ ብቻውን ከተወዛወዘ አልታሰረም።

ጭናችሁ ስትነሱ

ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይቀመጥ። ፖርቶ መጋላው ላይ የሚወጣው ረጅምና ቀላሉ ነው። ኩንታል ከላይ አታውጡ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፤ መታጠፊያው ብዙ ነው። ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና በየመታጠፊያው ወደ ውጭ ይጎተታል። ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱት፣ ፍሬን ላይ አትተኙ። ከወልድያ ወደ ድልብ ሲወጣም ሲወረድም ያው ነው።

ሲባጎ ለዶሮ ነው። ለጭነት ማጥበቂያ ያለው ቀበቶ ተጠቀሙ፤ ብረት ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ላይ አሮጌ ጎማ ወይም ከረጢት ጣል አድርጉበት። ጭናችሁ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ አጥብቁ። ጭነት ይቀመጣል፣ ቀበቶው ይላላል። 

አያያዝ

አዲስ የተገጠመ ብሎን ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ መጥበቅ አለበት። ከዚያ በየወሩ አንዴ በመፍቻ ዞር በሉት። ሐዲድና መቆለፊያ ላይ ግሪስ አትቀቡ፤ አቧራ ይይዝና ጭቃ ይሆናል። የሲልኮን ስፕሬይ ይበቃል። የጠርዝ ጎማውንም በእሱው ጥረጉት፣ ከመሰንጠቅ ይጠበቃል። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የውሃ መውረጃ ቱቦዎቹን በነፋስ አስነፉ። ጎሚስታ ዘንድ መጭመቂያ አለ፣ ጎማ ስታስነፉ አብራችሁ አስነፉት። ብየዳው ላይ ቀለም የተሰነጠቀበት ቦታ ካያችሁ ቀለም ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ጠርጋችሁ እዩ፤ ስንጥቁ ብረቱም ላይ ካለ እስኪበየድ ድረስ ከላይ ምንም አታውጡ።